ከመቶ የሚበላ ገማች

ክረምቱ ሲገባ፣ ከምን አለሽ ተራ ወደ ላይ በምታስወጣው ቅያስ አንድ አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ደረስኩ። ዝናቡ ጥሎ አባርቶ ነበር። ግድግዳው ሲገመስ ውስጡ የኖረው የጤፍ ጭድ ረጥቦ ሽታው መንገዱን ሞላው። የዛሬ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ቆምኩ። ያ ሽታ የእንጀራዬ ሽታ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን፣ አሳድረን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ስንረግጠው የሚወጣው ሽታ ነው። የድሮ ነገር ሲሸተው የሰው ልብ ይለሰልሳል ይላሉ። የኔ አልለሰለሰም። ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ እጽፈዋለሁ። እጄ መጋዝ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ቃሉ ከጎረበጣችሁ ታገሱኝ፣ ካልቻላችሁም ተዉት።

አናጺ ነበርኩ። ከወሎ የመጣሁት ጺሜ ገና ሳያቀመቅም ነው። ሙሄም ያገሬ ልጅ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተን ያደግን ሰዎች ነን። ያኔ መርካቶ ውስጥ ምስማር በኪሎ ስትገዛ ሻጩ ከመዘነ በኋላ አንድ እፍኝ መርቆ ይጨምርልህ ነበር። ምርቃቱን ካልጨመረ ሚዛኑን ረግጠህ ትሄዳለህ፤ እሱም «ና ተመለስ፣ አትቆጣ» ይልሃል። ሻይ በሳንቲም ነው። ዳቦው ትኩስ ከሆነ አንድ ሳንቲም ይጨምራል፣ ከትላንት ያደረ ከሆነ ይቀንሳል፤ ያደረውን ትኩስ ብሎ የሚሸጥ አልነበረም። እኔና ሙሄ ከላይ ካኪ ኮት፣ ከታች ሽርጥ፣ ከሽርጡ በታች ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው የምናደርገው። በረባሶውን የምንገዛው እዚያው ምን አለሽ ተራ ነው። እግርህ ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም። ሙሄ አንዱን ጥንድ አግብቶበታል፣ ወልዶበታል። አብነት መታጠፊያው ላይ ደግሞ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ድምጽ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ይለቃል። ሙሄ መዶሻውን በዘፈኑ ነው የሚመታው። ዘፈኑ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ዘፈኑ ትዝታ ሲሆን መዶሻውም ይተክዛል። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ሆኜ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ጮህኩ፦ «አንተ ሰውዬ! ፈጣኑን ልቀቀው፣ ቆርቆሮው ሳይመታ መሸብን!» ባለ ሙዚቃ ቤቱ ወጥቶ ሳቀ፤ ፈጣኑን ለቀቀው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ቆሟል። ምን እንደሚሸጥበት እስካሁን አላወቅሁም።

የሙሄን ቤት የሠራነው እኔና እሱ ነን። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከጀርባው ሁለት ክፍልና ጓዳ፣ ወለሉ ሊሾ። ሙሄ እዚያው ሞተ። ሚስቱ ታማ ብዙ ጊዜ ተኛች፤ ያስታመመቻት ሴት ልጃቸው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ባሏ የሞተባት፣ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ይዛ ምን አለሽ ተራ የሚሠራውን የከሰል ምድጃ የምትሸጥ ሴት ናት። ወንድሟ ሰዒድ የመኪና ዕቃ ይነግዳል፤ ወጥቶ በሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። እናታቸው ዓምና ስትሞት ቤቱ የሁለቱ ሆነ፤ በሸሪዓው ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ። ዘይነባ ቤቱን ይዛ የወንድሟን ድርሻ በብር ልትሰጠው፣ እሱም ሊቀበል ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጣላም። የቀረው ቤቱ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ የሚናገር ሰው ብቻ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በኛ ጊዜ ቤት የሚገምተው ሽማግሌ ነበር። ወራሾች ሲካፈሉ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ሸሪኮች ሲለያዩ ሦስት ሰው ይጠራል፤ አንዱን ይህኛው ወገን ይመርጣል፣ አንዱን ያኛው፣ ሦስተኛውን ሁለቱም። እኔም ሙሄም ብዙ ቤት ገምተናል፤ እንጨትና ጭቃ የምናውቅ ስለሆንን። ሦስተኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አባ ሲራጅ ነበሩ። የስልጤ ሰው፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው። በጃንጥላው ጫፍ ግድግዳውን ቆርቆር፣ ወለሉን ቆርቆር ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ዝም ይላሉ።

ታዲያ ደንብ ነበረው። ገማች ደፉን ከመርገጡ በፊት የድካሙ ዋጋ ይቀመጣል። ሁለቱ ወገኖች ግማሽ ግማሽ አዋጥተው ከሁለቱም ወገን ላልሆነ አንድ ባለሱቅ ይሰጣሉ። ዋጋው የአንድ አናጺ የቀን ሥራ ነው። ቤቱ ቢወደድም ያው፣ ቢረክስም ያው። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ፣ ገማች ዋጋውን አፍ አውጥቶ እስኪናገር ድረስ በዚያ ቤት ምንም አይቀምስም። ምግቡን ተዉት፣ ውሃም አይጠጣ። አባ ሲራጅ ሰላት ቢደርስባቸው ውዱእ የሚያደርጉት ወጥተው መስጊድ ሄደው ነው። ሦስተኛው፣ ገማች ከገመተው ቤት ምስማር እንኳ አይገዛም፤ እሱም ልጁም አማቹም። ዋጋው ከተነገረ በኋላ ግን ሁለቱም ወገን በየበኩሉ ያበላል፣ ካልበላህ ቅያሜ ነው። እንግዲህ ሆድህ እስኪፈነዳ።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ተፋትተው ቤታቸውን ልንገምት ገባን፤ እኔ፣ አባ ሲራጅና ጌታቸው የሚባል የብረት ነጋዴ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴትዮዋ ለተንኮል አይደለም፣ እንግዳ መስለናት ነው፣ በጣሳ ውሃ ይዛ ብቅ አለች። ጌታቸው ወፍራም ሰው ነው፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ሳያስበው ተቀብሎ ጎንጨት አለ።

አባ ሲራጅ ጃንጥላቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱ። «ጠጣህ?» አሉት።

«ኧረ አንድ ጉንጭ ነው አባ ሲራጅ!»

«ስንት ጉንጭ ነው አላልኩህም። ጠጣህ ወይ?»

«ታዲያ ልትፋው እንዴ?»

አባ ሲራጅ ጃንጥላቸውን ከፍተው ወጡ። እኛም ተከትለናቸው ወጣን። ሌላ ቀን፣ በጌታቸው ምትክ ሌላ ሰው ተመርጦ፣ ሥራው ከሀ ተጀመረ። ባልየው «ለአንድ ጉንጭ ውሃ!» ብሎ ጮኸ። አባ ሲራጅ የመለሱለት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ልጄ፣ ውሃ ያጠጣችህን ሴት ፊቷን እያየህ ቤትሽ ርካሽ ነው ትላታለህ? ጉሮሮህ አያፍርም?» ጌታቸው ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የመርካቶ መሳቂያ ሆነ። ሻይ ቤት ሲገባ ከጥግ አንዱ ይነሳና «ጌታቸው፣ ቤቱ ተገምቷል፣ ጠጣ!» ይለዋል። እሱም ይስቅ ነበር፣ ደግ ሰው።

ያኔ ጉቦ የሚበላ ሽማግሌ አልነበረም አልልም። ነበረ። ግን ሲበላ ተደብቆ ነው፣ ሲያዝም ፊቱን ከሰፈር ያዞራል። የዛሬው ደረሰኝ ይቆርጥለታል።

ወደ ዘይነባ ልመለስ። ሰዒድ «እኔ ባለሙያ አመጣለሁ» አለ። አመጣም። ብሩክ የሚባል ወጣት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ተናግሮ የማይጠገብ። ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ የምትጥል ዕቃ ይዟል፤ ክፍሉን ወዲያ ማዶ ሳይሄድ ለካው። ጣሪያ ወጣ፣ ጓዳ ገባ፣ ወለሉን ተንበርክኮ አየ። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። እኛ ሦስት ሆነን ግማሽ ቀን የምንፈጅበትን እሱ ብቻውን ሻይ ሳይበርድ ጨረሰው። ሻይ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ ዘይነባ ሻይ አፍልታለት፣ ሳምቡሳ አቅርባለት፣ ሲወጣ ደግሞ ለስላሳ አስይዛዋለች። እንግዳ ነው ብላ።

ከዚያ ዋጋው መጣ። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ብጽፈው ሰው ነገሬን ትቶ ቁጥሩን ያያል። ይህን ያህል ልበላችሁ፦ ዘይነባ ወርቋን ብትሸጥ፣ እቁቧን ብታወጣ፣ ሱቋ ውስጥ ያለውን ምድጃ በሙሉ ብትቸበችብ የወንድሟን ድርሻ ግማሹን ብታልፍ ነው። መክፈል ካልቻለች ቤቱ ለሌላ ይሸጣል፤ ቤቱ ከተሸጠ ሱቁም ሄደ፣ እንጀራዋም ሄደ። ሱቋ ደጃፍ አገኘኋት። እያለቀሰች አልነበረም። ምድጃ በጨርቅ እየወለወለች ነበር፣ ያንኑ አንዱን ምድጃ ደጋግማ።

«ጋሽ ይማም፣ ይኼ ቤት በውነት ይኼን ያህል ያወጣል?» አለችኝ።

«ለሰውየው ማነው የከፈለው?»

«ሰዒድ ነዋ፣ እሱ አይደል ያመጣው።»

«ስንት?»

«ስንት እንደሆነ እንጃ። ከመቶ ነው አለኝ። ከወጣው ዋጋ ላይ።»

እዚያው ተቀመጥኩ። ንዴት ነው ያስቀመጠኝ።

በማግስቱ አብነት ወደ ብሩክ ሄድኩ። ቢሮው ሕንፃ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም፣ በደረጃ ወጣሁ። ልጁ ሲያየኝ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

«ጋሼ፣ በሥራዬ ላይ ቅሬታ አለዎት?»

«በሥራህ ምንም የለኝም። የመጣሁት ስለ አከፋፈልህ ነው። ከመቶ ነው የተከፈልከው?»

«አዎ፣ ከግምቱ ላይ።»

«እንግዲያ ቤቱ በወፈረ ቁጥር አንተም ትወፍራለህ።»

«እንዲህ አይባልም ጋሼ። ባለሙያ ነኝ እኮ።»

«ባለሙያነትህን ማን ነካብህ? አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚመዝነውን ሰውዬ በኪሎ ብትከፍለው ጣቱን ሚዛኑ ላይ አያሳርፍም ወይ? ሌባ ነው አላልኩህም። ጣቱ ይደክመዋል፣ ያሳርፈዋል።»

ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። ከዚያ የነገረኝ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። «ለሚያሠራኝ ባንክ ስሠራ ቁርጥ ዋጋ ነው ጋሼ፤ እነሱ ከመቶ አይቀበሉም። ሰው በግሉ ሲመጣ ግን በስምምነት ነው።»

«ባንኩ ለምን አይቀበልም?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ። «አሠራራቸው ነው» አለኝ።

«አየህ! የራሱ ብር ሲሆን ዓይኑ ይበራል! የዘይነባ ቤት ሲሆን ስምምነት ነው! ከማን ጋር ተስማማህ? ከእሷ ጋር?»

«ከመቶ መክፈል ይከለከላል የሚል ሕግ ካለ ያሳዩኝ።»

«የተማርከው አንተ፣ ሕጉን የማሳይህ እኔ?» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

ሰዒድን አስጠራሁት። ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ መጣ። ሰዒድ ክፉ ልጅ አይደለም፤ በልጅነቱ አንገቴ ላይ ተቀምጦ ነው የሰፈሩን ሠርግ ያየው። ሱቁ ዕቃ ጎድሎበታል፣ ብር ይፈልጋል፣ ብር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ትልቅ ቁጥር ሲያይ ያምነዋል። ጎረቤቱ በሙሉ ጆሮውን አቁሟል።

«ይኼ ግምት አይደለም» አልኩት። «ሦስት ሽማግሌ እናስቀምጥ። አንዱ እኔ እሆናለሁ። አባትህ ሲገምት የኖረበት ደንብ ነው።»

ሰዒድ አየኝ፣ አየኝና ፈገግ አለ። «ጋሽ ይማም፣ ገማች በሚገምተው ቤት ውሃ አይጠጣም ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ!»

«ምሳዎን ማነው የሚልክልዎ?»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። የጎረቤቱ ባለሱቅ «ኧረ ጋሽ ይማምን ያዛቸው!» አለ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምሳዬን የምትልክልኝ ዘይነባ ናት። የሙሄ ልጅ ናት፣ ልጄ ናት፣ አስቤውም አላውቅ። ፊቴ ጋለ። ጌታቸው አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ከወጣ፣ እኔ ስንት ሳህን በልቻለሁ? መከራከር ይቻላል፤ መርካቶ ውስጥ የማይከራከሩበት ነገር የለም። ግን ክርክሩ አፌ ላይ መጥቶ መረረኝ።

«ልክ ነህ» አልኩት። «እኔ አልቀመጥም። ስምም አልጠቁምም። እኔ በምሳ ከወጣሁ፣ እሱም በከመቶ ይውጣ።»

«እሱ የተማረ ሰው ነው።»

«እኔም የበላሁት የተማረ ምሳ ነው!»

እንደገና ሳቁ። ሰዒድ ራሱ ሳቀ። ግን እሺ አላለም፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ዘይነባ ደግሞ «በዚህ ዋጋ አልፈርምም፤ ከፈለገ ይክሰሰኝ» አለች። ወንድምና እህት ዒድን ሳይጠያየቁ ዋሉ። ሙሄ ከነሕይወቱ ቢሆን መዶሻውን ወርውሮ አንዱን ይፈነክት ነበር።

ሰዒድን የሰበረው የኔ ጩኸት አይደለም፤ ገበያው ነው። ያንን ግምት ይዞ ሸራና ፕላስቲክ ከውጭ ወደሚያስመጣ አንድ ትልቅ ነጋዴ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ቦታውን ሲመኘው የኖረ ነው። ወረቀቱን አየና «ይኼን የጻፈልህ ሰው እሱ ራሱ ይግዛው» ብሎ መለሰለት። ሌላ ዘንድ ሄደ። ያኛውም ሳቀበት። እንግዲህ እህት አልፈርምም ብላለች፣ ገዢ ስቋል፤ ሰዒድ አንድ ጧት እኔው ዘንድ መጣ።

«ሌላ ገማች እናምጣ ጋሽ ይማም።»

«ሌላ አይሆንም» አልኩት። «እሱ ራሱ ይምጣ። ያችኑ ቀይ ነጥብ የምትጥል ዕቃውን ይዞ። ቤቱ ያው፣ እጁ ያው ይሁን፤ አከፋፈሉ ብቻ ይለወጥ።»

ብሩክ እሺ አለ። ኅሊናው ነክቶት ይሁን ሥራ ፈልጎ ይሁን አልጠየቅሁትም። ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሩ፤ ግማሹን ሰዒድ፣ ግማሹን ዘይነባ፣ ጎረቤት ባለሱቁ ዘንድ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው ደፉን የረገጠው። እኔ አልገባሁም። ምሳ በልቻለኋ! ከመንገዱ ማዶ ጄሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩና ፀሐይ ቀጠቀጠኝ። ተሸካሚዎች «ጋሼ ዞር በሉ፣ ጋሪ ያልፋል» እያሉ ያስነሱኛል፣ እነሳለሁ፣ እመለሳለሁ። እዚያ ተቀምጬ በሩን ሳይ፣ ሙሄና እኔ ያንን መቃን ያቆምንበት ቀን ታየኝ። መቃኑ ጎበጥ ያለ ነበር፤ «ይቀየር» ስለው «ተወው፣ ሰው ሲገባ ጎንበስ ይበል» ብሎኝ ነበር። የሰው ቤት እንዲህ ነው። መቃኑ ለምን እንደጎበጠ የሚያውቅ አለ፣ የማያውቅም አለ፤ ገማች ማወቅ የለበትም፣ ግዴለም። ግን ጎበጠም ቀናም እሱ ኪስ ውስጥ የሚጨምርለት ነገር መኖር የለበትም። ይኼን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል?

በዚህ መሐል ዘይነባ ከጓዳ ለስላሳ ይዛ ወደ ብሩክ ስትሄድ አየሁ።

«ዘይነባ!» ብዬ ጮህኩ። «መልሺው!»

ደንግጣ ቆመች። ብሩክ በመስኮት ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ጠማኝ እኮ!»

«ገምተህ ጠጣ!»

ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ብሩክም እጁን አንስቶ፣ ጠርሙሱን መለሰ።

ሲወጣ ሁላችንም ቆምን። ዋጋውን ተናገረ። ከመጀመሪያው ሲሶው የለም! ሲሶ ቤት! ጣሪያው ያው፣ ሊሾው ያው፣ የሙሄ ጎባጣ መቃን ያው፣ ግን ሲሶው ተንኖ ጠፋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንገቴ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«ዛሬ ያገኘኸው፣ ያን ጊዜ ያላየኸው ስንጥቅ የቱ ነው?» አልኩት።

«ስንጥቅ አይደለም ጋሼ። በመጀመሪያው ላይ አካባቢው ወደፊት ሲያድግ ሊያወጣ የሚችለውን አስቤ ነበር። ተስፋውንም ጨምሬ።»

«ዛሬስ ተስፋው የት ሄደ?»

ጫማውን አየ። «ቀነስኩት» አለ።

ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ በጣቷ ታሰላለች። ወርቋን፣ እቁቧን፣ የቀረውን እስከ ዓረፋ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ከዚያ ቆመና ዓይኗ ሞላ። ይደርሳል ማለት ነው። ሰዒድ ግን እህቱን አላየም። ብሩክን ነው የያዘው።

«የፊተኛውን ብሬን መልስልኛ» አለው።

«የቱን?»

«ከመቶ ብለህ የወሰድከውን። በሌለ ዋጋ ላይ እኮ ነው ያስከፈልከኝ!»

«አቶ ሰዒድ፣ ሠርቼበታለሁ። ደረሰኝም ሰጥቻለሁ።»

ሰዒድ የፊተኛውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አየው። ያኔ ነው የገባው። ከመቶው እውነተኛ ብር ነበር፤ ወሬ የነበረው መቶው ነው። ለእህቱ ጉድጓድ ሊቆፍር አስቦ አልነበረም፤ ግን ሳያውቀው የራሱን ኪስ ሲቆፍር ከርሟል። ልክ ነው አልኩ በልቤ፣ ይበለው አልኩ። በዚህ ጊዜ ዘይነባ ከግድግዳው ተነሳች።

«ሰዒድ፣ የፊተኛውም ክፍያ ግማሹ በኔ ላይ ነው። ከድርሻህ ጋር እጨምርልሃለሁ።»

«አብደሻል እንዴ?» ጮህኩ። «አንቺን ከቤትሽ ሊያስወጣ ለነበረ ግምት አንቺ ልትከፍዪ?»

ወደኔ ዞረች። አባቷን መሰለች። «የገማች ዋጋ በግማሽ ነው ብለው መንገድ ላይ ሲጮሁ የከረሙት ማን ነው ጋሽ ይማም? ደንቡ ለኔ ሲመች ብቻ ነው?»

ሁለተኛ ጊዜ በራሴ ደንብ ተመታሁ። ሰዒድ «ኧረ ተይው፣ ተይው እህቴ፣ አልቀበልም» አለ፤ ድምጹ እንደ ልጅ ሆነ። እሷ «ትቀበላለህ» ትላለች፣ እሱ «አልቀበልም» ይላል፤ እንዲህ እየተጨቃጨቁ ጓዳ ገቡ። በፊተኛው ግምት ማግስት የጀመረው ዝምታ በዚህ ጭቅጭቅ አለቀ። ለእነሱ ደስ ይበላቸው፣ ቤቱም የዘይነባ ሆነ።

እኔ ግን ያው ነኝ፣ አልበረደልኝም። ሰዎች «ጋሽ ይማም፣ ረቱ እኮ፣ አሁን ምን ያናድድዎታል?» ይሉኛል። የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ብሩክ ቦርሳውን አንግቶ ቅያሷን ሲወርድ በዓይኔ ተከተልኩት። ሦስት በር እንኳ አልራቀም። አንድ ሰማያዊ የብረት በር ተከፈተ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፈገግታ ሳህን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች ክንዳቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው የተካፋይ ወንድማማች ፊት ነው።

«ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይቅመሱ!» ትለዋለች።

መንገዱ መሐል ገባሁ። «አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ባለኝ ድምጽ ሁሉ። «ጠይቂው! ከመቶ ነው ወይስ ቁርጥ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ይለፈልፋል ብላ ነው መሰለኝ፣ አንገቷን ነቀነቀች። ብሩክ ግን ድምጼን ለይቶታል። ዞር አላለም። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ ከሳህኑ አንድ ሳምቡሳ አነሳ፣ እየበላ ገባ።